ሰማያዊዋ ፕላስተርና የሻምበል ቅልጥም

 

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ ኑሮ ውድነትም አይደለም። ስለ ፕላስተር ነው። አዎ፣ ስለ ፕላስተር! ቁስል ላይ የምትለጠፈዋን ትንሿን ማለታችን ግን አይደለም። ኳስ ተጫዋቾች ጭናቸው ላይ፣ ሯጮች ጉልበታቸው ዙሪያ የሚለጥፏትን ባለ ቀለም፣ ተለጣጭ ቴፕ ነው የምንላችሁ። ፈረንጆቹ ‹‹ኪኒሲዮሎጂ ቴፕ›› ይሏታል። እኛ ‹‹ሰማያዊዋ›› እያልን ነበር የምንጠራት፤ መጀመሪያ እጃችን የገባችው ሰማያዊ ስለነበረች።

ነገሩን ስንጀምረው ጨዋታ ነበር። ሲያልቅ ግን አንዱ ጓደኛችን በክራንች ይሄድ ነበር። በመሐል የሆነውን ነው እንግዲህ የምንናዘዝላችሁ።

እኛ ማለት አምስት ነን። ሠላሳን የተሻገርን፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተጎልተን የምንውል፣ ቦርጭ ‹‹መጣሁ መጣሁ›› ሲል ደንግጠን ቅዳሜና እሁድ ጠዋት መሮጥ የጀመርን ጎረምሶች (ጎረምሳ መባል ካልቀረብን!)። እውነቱን ለመናገር አራታችን የምንሮጠው ከሩጫው በኋላ ላለችው ፉል ስንል ነው። አምስተኛው ግን የምሩን ነው። እሱን ‹‹ሻምበል›› ብለን ነው የምንጠራው። የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ስሙን ያገኘው አበበ ቢቂላን ከመጠን በላይ ስለሚወድ ነው። ከሻምበል አበበ ጀምረህ ካወራኸው ቡናህን ይከፍልልሃል።

ሻምበል በየዓመቱ ኅዳር ላይ በታላቁ ሩጫ ይሮጣል። እ.ኤ.አ በ2001 በ10 ሺሕ ሯጮች የተጀመረው ይህ ሩጫ ለአብዛኞቻችን የጎዳና ላይ ጭፈራ ነው፤ ቲሸርታችንን ለብሰን፣ ውኃ እየተራጨን፣ እየዘፈንን 10 ኪሎ ሜትሩን እንጨርሳለን። ሻምበል ግን ሰዓት ይይዛል። በዚያ ዓመት ‹‹ከ50 ደቂቃ በታች እገባለሁ›› ብሎ ማለ። እኛም ‹‹ካልገባህ የዓመቱን ፉል አንተ ትከፍላለህ›› ብለን ውርርድ አስያዝነው። ልብ በሉ፤ ጥፋታችን ከዚህ ይጀምራል።

ነሐሴ ላይ ልምምዱን ከሳምንት ሁለት ቀን ወደ ስድስት ቀን አሳደገው። ክረምት ነውና ሜዳው ሁሉ ጭቃ ሆኗል፤ ስለዚህ የሚሮጠው ቀለበት መንገዱ ዳር ባለው አስፋልት ላይ ነው። መስከረም ሲጠባ ‹‹ቅልጥሜን ያመኛል›› ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ሲሮጥ ብቻ ነበር፤ ሲያርፍ ይተወዋል። ቆይቶ ከሩጫ በኋላም ማመሙን ቀጠለ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ከቢሮ ደረጃ ሲወርድ የእጅ መደገፊያውን ሲይዝ አየነው።

እኛ ምን አልነው? ‹‹ቻል አድርገው!››

ይህቺን ቃል የማያውቅ የአገራችን ልጅ አለ? ጥርሳችንን ሲያመን ‹‹ቻለው››። መምህር ሲገርፈን ‹‹ቻለው››። ደመወዝ ሲዘገይ ‹‹ቻሉት››። የመጨረሻው የሙገሳችን ቃል ‹‹ቻይ ነው›› አይደል? ‹‹ሆደ ሰፊ፣ ቻይ…›› እየተባለ ነው ሰው የሚመሰገነው። መቻል የሚባል ክለብ እንኳ አለን! ሕመሙን የተናገረ ሰው ‹‹ቅምጥል›› ነው፤ ሐኪም ቤት የሮጠ ‹‹ፈሪ›› ነው። ስለዚህ ሻምበል ቻለው። እኛም በመቻሉ አጨበጨብን።

ሰማያዊዋ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። የአንዳችን እህት ከዋሽንግተን ዲሲ ስትመጣ ከቸኮሌቱና ከሽቶው ጋር አንድ ጥቅል ይዛ መጣች። ‹‹እዚያ ጂም ውስጥ ሁሉም ይለጥፋታል፤ ሕመም ታጠፋለች›› አለችን። ማስረጃ መቼ ጠየቅን? ማስረጃው እኮ ዓይናችን ላይ ነበር! እ.ኤ.አ በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ አሜሪካዊቷ የአሸዋ ላይ መረብ ኳስ ተጫዋች ኬሪ ዋልሽ ትከሻዋ ላይ ጥቁሯን ለጥፋ ወርቅ ወስዳለች። እ.ኤ.አ በ2012 በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ማሪዮ ባሎቴሊ በጀርመን ላይ ሁለተኛውን ጎል አግብቶ፣ ማሊያውን አውልቆ እንደ ሐውልት ሲቆም ጀርባው ላይ ምን ነበር? ሰማያዊ ጭረቶች! የዚያን ምሽት በየሻይ ቤቱ የጮህን ሰዎች ያንን ጀርባ እንረሳዋለን?

የቴፑ ባለቤት ኬንዞ ካሴ የሚባል ጃፓናዊ ካይሮፕራክተር ነው፤ የሠራው በ1970ዎቹ ነው። ሐሳቡ ይህን ይመስላል። በዚያ ዘመን የነበረው የስፖርት ፕላስተር ነጭ፣ ደረቅ፣ መገጣጠሚያን ጥርቅም አድርጎ የሚያስር ነበር። ካሴ ግን እንደ ቆዳ የሚለጠጥ፣ ሰውነት እንዲንቀሳቀስ የሚተው ፈለገ። ቴፑ ከጥጥና ከተለጣጭ ክር የተሸመነ ነው፤ ሙጫው እንደ ማዕበል በመስመር በመስመር የተቀባ ነው፤ መድኃኒት የሚባል ነገር ግን ውስጡ የለም። ደጋፊዎቹ የሚሉት፣ ቴፑ ቆዳውን በጥቂቱ ከፍ ስለሚያደርገው ከሥሩ ያለው ፈሳሽና ደም እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል፣ ሕመም በሚያስተላልፉት ነርቮች ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እውነት መሆኑ አለመሆኑን በኋላ እንመለስበታለን።

ከሩጫው በፊት በነበረው ምሽት ሻምበል ቤት ተሰበሰብን። አንዳችን ስልክ ላይ ቪዲዮ ከፍተን፣ አንዳችን መቀስ ይዘን፣ አንዳችን እግሩን ጨብጠን… እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል! እናቱ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን በእጃቸው እያሹ ያዩናል። ‹‹ምንድን ነው እሱ፣ ፕላስተር ነው?›› አሉን። ‹‹የፈረንጅ ወጌሻ ነው እማማ!›› አልናቸው። ሳቁ።

ለጥፈን ስንጨርስ ሻምበል ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ዘለለ። ‹‹ቀለለኝ!›› አለ። ውሸቱን አልነበረም፤ የእውነት ቀሎት ነበር። ነገሩን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው።

በማግስቱ እስከ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ እንደ ነፋስ ሮጠ ብለውናል (እኛ ከኋላ እየጨፈርን ስለነበር አላየነውም)። ሰባተኛው ላይ የሆነ ነገር ‹‹ቀጭ›› አለኝ ይላል። ደርሰንበት መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ሰማያዊዋን ትክ ብሎ እያያት ነበር። እርምጃ መራመድ አልቻለም። ተሸክመን አወጣነው።

ሐኪም ቤት ራጅ ተነሣ። ራጁ ምንም አላሳየም። እኛም ‹‹ይኸው! ጅማት ነው፣ ይተወዋል!›› አልን፤ ያኔም አልተማርንም እኮ! ሐኪሙ ግን በአንድ ጣቱ የቅልጥሙን አንድ ቦታ ጫን ሲያደርገው ሻምበል ከአልጋው ሊነሣ ምንም አልቀረው። ኤምአርአይ ታዘዘ። ውጤቱ መጣ፦ የቅልጥም አጥንቱ ላይ ስንጥቅ። በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። አጥንት ሥጋ ብቻ የለበሰ ድንጋይ ይመስለናል እንጂ በየቀኑ የሚፈርስና የሚገነባ ሕያው ነገር ነው፤ ድንገት ብዙ ሲጫኑት ግንባታው ፍርሻውን መከተል ያቅተውና ቀስ እያለ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ሳምንታት ላይ ራጅ ብዙ ጊዜ አያየውም። ሕመሙ ግን ያየዋል። ሕመሙ ከመስከረም ጀምሮ ሲናገር ነበር። አፉን በፕላስተር የዘጋነው እኛ ነን።

ለሁለት ወር ያህል ሩጫ ቀረ። ክራንች፣ እረፍት፣ ከዚያ ፊዚዮቴራፒ። ቀጠሮው ላይ ተራ በተራ እየሸኘነው ስለነበር ፊዚዮቴራፒስቷን ሁላችንም አወቅናት። መጀመሪያ ቀን ያየናት ጊዜ፣ ጥፋተኛ ሰው የሚያደርገውን አደረግን፤ በሌላ ላይ ማላከክ ጀመርን። ‹‹ይቺ ቴፕ ናት ጉድ የሠራችን!›› አልናት። ሳቀችብን። ‹‹ቴፕ አጥንት አይሰነጥቅም፤ አይጠግንምም›› አለች። ‹‹ከሁለት ወር በፊት ብትመጡ ኖሮ ሁለት ሦስት ሳምንት አሳርፌው ምናልባት በዝግታ ይሮጥ ነበር። ለምን አልመጣችሁም?››

መልስ አልነበረንም። ‹‹ቻለው›› ብለነው ነበር አይባል ነገር!

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ቴፑ ማንበብ የጀመርነው። ያገኘነውን በአጭሩ እንንገራችሁ፤ በኋላ ‹‹ሳትነግሩን›› እንዳትሉን።

እ.ኤ.አ በ2014 ብራዚል ውስጥ የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው 148 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ ቴፑ በደንቡ፣ ማለትም ተወጥሮ ቆዳው ላይ መጨማደድ እንዲፈጥር ሆኖ ተለጠፈላቸው። ለቀሪዎቹ ምንም ሳይወጠር እንዲሁ ተለጠፈ። ከአራት ሳምንት በኋላ የሁለቱም ቡድኖች ሕመም ቀንሶ ነበር፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልነበረም። ‹‹ቆዳ ይነሣል፣ ደም ይፈስሳል›› የሚለው ታሪክ እውነት ቢሆን የተወጠረው ይበልጥ ነበር፤ አልበለጠም። እ.ኤ.አ በ2021 ደግሞ ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት በትከሻ ጅማት ሕመም ላይ የተደረጉ ከ20 በላይ ሙከራዎችን ሰብስቦ አየ፤ ድምዳሜው ጥቅሙ እርግጠኛ አይደለም የሚል ነበር። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ በ2022 ስለ መገጣጠሚያ አርትራይተስ ባወጣው መመሪያ፣ ቴፕን እንደ ዘወትር ሕክምና አትስጡ፣ ዋናው ሕክምና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው ብሏል።

‹‹ታዲያ ሻምበል ‹ቀለለኝ› ያለው ምኑን ነው?›› ትሉ ይሆናል። እኛም ጠይቀን ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ የመለሰችልን በጥያቄ ነው፦ ‹‹ጉልበታችሁ ከጠረጴዛ ጋር ሲጋጭ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው?›› እናሻሸዋለን! ማሻሸቱ ያበጠውን አያጎድልም፤ ግን ሕመሙ ይቀላል። የንክኪ ስሜት በነርቭ ሲሄድ የሕመሙን መልእክት መንገድ ያጨናንቅበታል። ይህን ሐሳብ ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ በ1965 ‹‹የበር ንድፈ ሐሳብ›› ብለው አቅርበውታል። ቴፑም ቀኑን ሙሉ ቆዳን እንደሚያሻሽ እጅ ነው ብላችሁ አስቡት። በዚያ ላይ ‹‹ተደግፌያለሁ›› የሚል መተማመን አለ። ሁለቱ ሲደመሩ ሕመሙ ለጥቂት ቀን ረገብ ይላል። ትንሽ ነገር ነው፤ ባዶ ግን አይደለም።

ትንሿ ነገር ለምን እንደምትጠቅም ያሳዩን ደግሞ የሻምበል እናት ናቸው።

እማማ ጉልበታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። እሳቸው ‹‹ቁርጥማት›› ይሉታል፤ ጤና ጣቢያ ‹‹አርትራይተስ›› ብሏቸዋል። በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን በዕድሜና በሥራ ሲሳሳ የሚመጣው ነው። ከበርጩማ ሲነሡ ሁለት እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው ነው። ከዚያ ዳገት ላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያንም ከቀሩ ሰንብተዋል፤ የእሁድ ቅዳሴን በሬዲዮ ነው የሚከታተሉት። ስንት ዓመት ቤታቸው ስንበላ ስንጠጣ ስንኖር ‹‹እማማ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?›› ብለን አናውቅም። እሳቸውም ችለውት ነበራ!

አንድ ቀን ሻምበል በክራንቹ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ ከተረፈችው ሰማያዊ ጥቅል ላይ ዓይናቸውን ተክለው ‹‹ለእሱ ያሰራችሁትን ለእኔም እሰሩልኝ›› አሉን። እኛማ ደነገጥን! በአንድ ቤት ሁለት ሰው ልንጥል ነው እንዴ? ‹‹እማማ፣ እሱን ያየነውን አይተው…›› ስንላቸው አቋረጡን። ‹‹እኔ አልሮጥበት!›› አሉ።

በዚህ ጊዜ ግን ቪዲዮ አልከፈትንም። ይዘናቸው ፊዚዮቴራፒስቷ ጋር ሄድን። ጉልበታቸውን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ አስኬደቻቸው። ከዚያ ከጉልበታቸው ግራና ቀኝ ሁለት ጭረት ለጠፈችና ‹‹ይሄ የሚቆየው ሦስት አራት ቀን ነው እናቴ፤ በእነዚህ ቀናት ሕመሙ ረገብ ካለልዎ ሥራ አለብዎ›› አለቻቸው። ሥራው ይህ ነው፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እግርን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ ጥቂት መያዝ፣ ማውረድ። ከወንበር እጅ ሳይጠቀሙ መነሣትና መቀመጥ፤ መጀመሪያ አምስት ጊዜ፣ ከዚያ አሥር። በየቀኑ አጭር የእግር ጉዞ። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበቱን ሸክም ይጋራዋል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

እማማ ከዚያ በፊትም ‹‹ተንቀሳቀሺ›› ተብለው ነበር። ግን የሚያመውን ጉልበት እንዴት ይንቀሳቀሱበት? ሲነሡ ያማል፣ ስላመማቸው ይቀመጣሉ፣ ስለተቀመጡ ጡንቻው ይደክማል፣ ስለደከመ ይብስ ያማል። ሰማያዊዋ ያደረገችላቸው ነገር ቢኖር ይህን ዙር ለጥቂት ቀን ማላላት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ‹‹ከለጠፉልኝ ወዲህ ፍርሃቱ ለቀቀኝ›› አሉን። ሕመሙ አላሉም፤ ፍርሃቱ ነው ያሉት።

እኛም በየአራት ቀኑ ተራ ገብተን መለጠፍ ጀመርን። ሻምበል ወንበሩ ላይ ሆኖ ይቆጥራል፦ ‹‹ስድስት… ሰባት… እማዬ፣ አትደገፊ!›› እሳቸው ደግሞ ‹‹አንተ ብሎ አሠልጣኝ! እግርህን ሰብረህ ተቀምጠህ!›› ይሉታል። ያ ሳሎን ለሁለት ወር ያህል የሕመም ወሬ በግልጽ የሚወራበት ቤት ሆነ። ‹‹ዛሬ የት ጋ አመመዎ? ከትናንት ይሻላል?›› እነዚህን ጥያቄዎች ለሻምበል መስከረም ላይ ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ!

ጥቅሏ አለቀች። ሌላ አልገዛንም፤ እማማም አልጠየቁም። ልምምዱን ቀጠሉ። ጉልበታቸው ድኗል ብለን አንዋሽም፤ ክረምት ሲገባ ይቆረጥማቸዋል፣ አንዳንድ ሌሊት ያነቃቸዋል። ግን አሁን ከበርጩማቸው የሚነሡት በአንድ እጅ ነው። እሁድም ከዳገቷ ሥር ሁለት ጊዜ አርፈው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ።

እንግዲህ ‹‹እኛም እንለጥፍ›› ለምትሉ፣ በሰው እግር የተማርነውን እንካችሁ።

መጀመሪያ ቆዳው ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ። ቫዝሊን፣ ቅባት፣ ቅቤ ከተቀባ አይይዝም፤ ጸጉር ከበዛ ይቆረጥ። የቴፑን ማዕዘኖች በመቀስ ክብ አድርጓቸው፤ ሹል ከሆኑ ልብስ እየነካ ያነሣቸዋል። ሁለቱን ጫፎች ፈጽሞ አትወጥሩ፤ ጫፉ ከተወጠረ ቆዳ ይልጣል፣ ውኃ ያስቋጥራል። መሐሉንም ቢሆን ለስለስ አድርጎ ነው፤ ‹‹ጠበቅ ባለ ቁጥር ይሻላል›› የሚባል ነገር የለም። ከለጠፋችሁ በኋላ በመዳፍ አሹት፤ ሙጫው ሙቀት ሲያገኝ ነው የሚይዘው። ከሩጫ ወይም ከሻወር በፊት አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ስጡት። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ስታነሡት እንደ ጀግና በአንድ ጊዜ ቦጭ አታድርጉት! ዘይት ወይም ሳሙና አስነክታችሁ፣ ቆዳውን በሌላ እጅ ይዛችሁ፣ በጸጉሩ አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ ነው። ካሳከከ፣ ከቀላ፣ ካቃጠለ ወዲያው ይነሣ። ቁስል፣ ሽፍታ ወይም ኢንፌክሽን ያለበት ቆዳ ላይ አይለጠፍም። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ፣ ካንሰር ካለባችሁ ወይም እርጉዝ ከሆናችሁ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን ከመለጠፋችሁ በፊት ሕመሙን ጠይቁት። የሚያመውን ቦታ በአንድ ጣት ማመልከት ይቻላል? ሲያርፉ የሚተወው ሕመም አሁን ሲራመዱም፣ ሌሊትም ይመጣል? ከወደቁ ወይም ከተጠማዘዙ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ አቅቷል? መገጣጠሚያው አብጦ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት አለ? አንዱ ባት ብቻ ድንገት አብጦ ያማል? እግር ይደነዝዛል ወይም ይከዳል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ቴፑን መሳቢያ ውስጥ ክተቱና ሐኪም ቤት ሂዱ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ደግሞ ለነገ የሚባሉ አይደሉም። ሕመሙ ከሥራ ብዛት የመጣ የጡንቻ ድካም ከሆነ፣ ወይም ሐኪም ያወቀው የቆየ ሕመም ከሆነ፣ ያኔ ሰማያዊዋ ለጥቂት ቀን ታግዝ ይሆናል። ለጥፈን ስናበቃ የምናደርገው ነገር ነው ልዩነቱ። ሻምበል ያንኑ የጎዳውን ነገር ሊጨምርበት ለጠፈ፤ እማማ የሚያድናቸውን ነገር ለመጀመር ለጠፉ።

አንድ ነገር እንጨምርና እንሰናበታችሁ። ሻምበል በክራንቹ ዘመን ስለ አበበ ቢቂላ ያለውን ሁሉ እንደገና ሲያነብ ከረመ። አበበ እ.ኤ.አ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ማሸነፉን ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ በ1964 በቶኪዮ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ማስመዝገቡንም እናውቃለን። እነዚህን ሁለቱን ነው ከልጅነታችን ጀምሮ የተነገረን፤ ‹‹ቻለው!›› የሚያሰኙትን። ሦስተኛው ማራቶን ግን ብዙ አይነገርም። እ.ኤ.አ በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ አበበ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ለአገሩ አመጣ።

ሻምበል ይህን አንብቦ ሲነግረን ዝም አልን። ‹‹እሱም ቆመ እኮ›› አለ። ‹‹አበበ ነው፤ ግን ቆመ። ከእናንተ አንዱ ‹ቁም› ቢለኝ ኖሮ…›› አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ጎንበስ ብለን የጫማ ማሠሪያችንን አየን።

ዛሬ ሻምበል እንደገና ይሮጣል፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀስ እያለ፣ በተቻለ መጠን አፈር ላይ። ቅጽል ስሙንም ቀይረንለታል፤ አሁን ‹‹ሜክሲኮ›› ነው የምንለው። ሰው ሲሰማ ሰፈሩ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ይመስለዋል። የዚያን ዓመት ፉል ግን አላስከፈልነውም። እኛው ከፈልን።

እናንተም ጎናችሁ የሚሮጥ፣ ወይም በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በዝምታ የሚያሽ ሰው ካለ ‹‹ቻለው›› ከማለታችሁ በፊት ‹‹የት ጋ ነው የሚያምህ?›› በሉት።

ቸር እንሰንብት!